ላላ ያለው ማን ነው?

ኅዳር 7፣ 2011፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የገዛሁት ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው። ማኅሌት «በዚህ ዕድሜህ ማስታወሻ ልትጀምር?» ብላ ሳቀችብኝ። ሚስቴ ናት፣ ትሳቅ። እኔ ጉግሳ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሠላሳውን ብስክሌት ስፈታና ስገጥም አሳልፌአለሁ። አምቦ ውስጥ በእጄ ያላለፈ ብስክሌት ካለ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ የብስክሌት ክለባችን አሠልጣኝ ኦቦ ዋቅቶላ አንድ ሰው ይዘው መጡ። ኩምሳ ይባላል፣ የባኮ ሰው ነው፣ ሠላሳ ቢሞላው ነው፣ ቴክኒክ ኮሌጅ ጨርሷል አሉ። «ረዳት ነው?» አልኳቸው። «ረዳት ሳይሆን ሁለተኛ መካኒክ» አሉኝ። ለአሥራ አንድ ብስክሌት ሁለት መካኒክ! እኔ ምን አጎደልኩ?

የተራራ ብስክሌት ውድድሩ ዘንድሮ አራት ቦታ ነው፦ ጉደር፣ ደንዲ፣ ባኮ፣ መጨረሻው እዚሁ አምቦ ጥር 26። አምቦ ላይ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ሴቶች ለብሔራዊ ቡድን ሥልጠና ይጠራሉ። የኛዋ ሶረቲ ከሁለቱ አንዷ መሆን አለባት። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ከዚህ ወዲያ ዕድል የላትም። ይህቺ ልጅ መጀመሪያ ብስክሌት ላይ የወጣችው በእኔ የኪራይ ብስክሌት ነው፤ ያኔ እግሯ ፔዳል አይደርስም ነበር። የእሷን ብስክሌት ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኩ። ኩምሳ «እሺ ጋሼ» አለ። በጣም ፈጥኖ ነው እሺ ያለው።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ጉደር። አምስተኛ። አምስተኛ!

(ማታ) በሁለተኛው ዙር የሶረቲ ብስክሌት መቀመጫ ወደ ታች ሰመጠ። ጉልበቷ አገጯን ሊመታት እየደረሰ ነው የጨረሰችው። ትናንት እኔ ራሴ ነኝ ያሰርኩት። የመቀመጫውን ቧንቧ ጠርጌ፣ ግራሶ ግጥም አድርጌ ቀብቼ፣ እንደ መስተዋት አብርቼ ነው የሰካሁት። እንዲህ የተሠራ ነገር በራሱ አይሰምጥም።

ኩምሳ ቧንቧውን አውጥቶ በጨርቅ ጠረገው፣ ጨርቁን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ግራሶ…» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት። «ስማ! በሥራ ሰዓት ወሬ አልወድም። ያየኸው ነገር ካለ በፕላስተር ላይ ጽፈህ ቦታው ላይ ለጥፍ። እኔ መጥቼ አየዋለሁ» አልኩት። ደንብ ማለት ይሄ ነው።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ለጠፈ!

የሶረቲ ብስክሌት፣ የመሪው ማሰሪያ ላይ፣ ከአራቱ ቡሎኖች በላይኛው ቀኝ። ነጭ ፕላስተር፣ በእስኪሪብቶ። የኛን ፊደል ብዙም ስለማይጽፍ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው የጻፈው፤ «ኤ» ላይ «ኤ» እየደረደረ አንዲት ፍሬ ቃል ያረዝማል። ሲነበብ ግን ያው ነው፦ ላላ።

ላላ?! ትናንት በዚህ እጄ ነው ያጠበቅኩት። ብሩጎላውን፣ ባለ ስድስት ጎኑን መፍቻ፣ አስገብቼ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ቢሆንም ተጽፏል። እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፦ ወይ አላልቶት መልሶ አጥብቆታል፣ ወይ ስሜን ሊያጠፋ ነው። ሁለቱንም ለመዝጋት ብሩጎላው ላይ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ሰክቼ፣ ክንዴን አርዝሜ፣ አንድ ሩብ ዙር ጨመርኩበት። ጢጥ አለ። አሁን ይለጥፍ እስኪ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት ለጥፏል። ያው ቡሎን። ላላ።

ትንሽ ጨመርኩ።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ ፕላስተር ሆነ። ሁሉንም አባቴ ባወረሰኝ የመፍቻ ሣጥን ውስጥ፣ በአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» የሚል ማኅተም ያለበት ፖስታ ውስጥ እያጠራቀምኳቸው ነው።

ዛሬ ደግሞ በጆሮዬ ሰማሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ ኩምሳ ከሶረቲ ጋር ቆሞ በኦሮምኛ ያወራል። «ኒ ጨብሳ» አለ። ይሰብራል ማለት ነው። ከዚያ ሶረቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ «ጋሼ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት። ሲያዩኝ ሁለቱም ዝም አሉ። ማን ነው የሚሰብረው? ምኑን? የእኔን አከርካሪ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ልጅቷንም ከእኔ ሊለያት ነው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል።

ለማኅሌት ነገርኳት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኳት። «የጠረጠረውስ መቼ እንቅልፍ ተኛ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ደንዲ፣ ሐይቁ ዳር። አራተኛ።

ብርዱ አይጣል ነው። ጠዋት ከመነሻው ሰዓት በፊት ያው ላይኛው ቀኝ ቡሎን ስነካው በባዶ ዞረ። ጥርሱ ተበልቷል። ብረት እንዲህ በአንድ ወር ይበላል? ማን ለወጠው? ደህናውን አውጥቶ አሮጌ አስገብቶበት መሆን አለበት። ካሮጌ ብስክሌት ሌላ ቡሎን ነቅዬ ስተካ ኩምሳ ባጠገቤ መጥቶ ቆመ። ያቺን የኮሌጅ ቁልፉን ይዟል፤ ሲጠብቅ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብላ የምትነግረውን።

«ጋሼ፣ አምስት ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በዚቺ ልሰርልዎት?»

«እኔ እጄ ነው ልኬ» አልኩት። «አንተ ሳትወለድ ጀምሮ።»

«እሱማ ነው ጋሼ» አለና ሄደ። አልተቆጣም። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር።

ሶረቲ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አብዝታ ነው የወረደችው፤ እኔ የማውቃት ሶረቲ ቁልቁለት አትፈራም። «ምነው?» ብላት «እጄ ቀዝቅዞ ነው ጋሼ» አለችኝ። ዓይኗ ግን መሪው ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ዘዴ አገኘሁ። የማኅሌትን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ ከቡሎኑ ራስ እስከ ማሰሪያው ድረስ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፣ አራቱም ላይ። ቡሎኑን ማንም ቢነካው መስመሩ ይሰበራል። ማኅሌት ብልቃጧን ስትፈልግ ያዘችኝ። «ጉድ ነው! ከመቼ ወዲህ ነው ቡሎን የምታስጌጥ?» አለችኝ። ይህን ለሰው እንዳትነግሪ አልኳት። ለማን ነግሬ ልፈርብህ አለች።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

መስመሩ አራቱም ላይ እንዳለ ነው። አልተነካም።

ፕላስተሩ ግን አለ። ላላ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ካልነካው ላላ አይል፤ ላላ ካለ ነክቶታል። እንግዲያው ያንኑ ዓይነት ቀለም ገዝቶ፣ መስመሩን አስተካክሎ መልሶ ቀብቶታል ማለት ነው። እንዴት ያለ ሰው ነው! ቀለሙን በብሩጎላ ጫፍ ፋቅሁና፣ ቱቦዬን ሰክቼ፣ አራቱንም ጨመርኩባቸው። አንዱ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማኝ። ሲጠብቅ ነው።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ባኮ።

ሁለተኛ ወጣች!! ሁለተኛ!

(ማታ፣ የባኮ ማረፊያ ቤት፣ ሙቀቱ አያስተኛም) ደስታዬን ሙሉ የማያደርግብኝ አንድ ነገር አለ። ትናንት ከአውቶቡስ ስወርድ ሆዴን ቆርጦኝ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ፤ ብስክሌቷን ኩምሳ ነው ያዘጋጀው። መሪውን ሙሉ ለሙሉ ፈቶ፣ አዳዲስ ቡሎኖች ከተቶ፣ በዚያች ቀጭ በምትለው ቁልፉ አስሯል። እሷም እንደ ጥንቷ ሶረቲ ቁልቁለቱን በረረችበት።

ይህ ምን ያሳያል? አገሩ ስለሆነ ነው። በእናቱ ደጅ ላይ ሰው ተንኮል አይሠራም። እናቱ ሁላችንንም ምሳ ጠርተው ነበር፤ ሌሎቹ ሄዱ፣ እኔ ሆዴን አመካኝቼ ቀረሁ።

ሌላም አለ። ከሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ስሄድ አንዲት ፓፓያ ሻጭ አንዱን ለሁለት ገምሳ፣ ቀዩን ሆዱን ወደ እኔ አዙራ፣ «ላላ! ላላ፣ ኦቦ!» አለችኝ። ክው አልኩ። ፓፓያው ጠጣር ነው፣ ምኑ ላላ? ዞር ብላ ለሌላውም ሰው እንደዚያው እያሳየች ላላ ትላለች፤ ሰዎቹም ጎንበስ ብለው ያያሉ። ይህ ሰው ለባኮ ሕዝብ ሁሉ አውርቶልኛል። መሳቂያ ሆኛለሁ።

ነገ አምቦ ስንገባ መሪውን በራሴ እጅ እንደገና አስራለሁ።

ጥር 3፣ ዓርብ

አሥራ ሰባት ፕላስተር። በቃኝ።

ኦቦ ዋቅቶላ ቢሮ ሁለታችንን አስጠሩ፤ እኔ ነኝ ያመለከትኩት። «ይህ ሰው የሶረቲን ቡሎን እያላላ፣ ላላ ብሎ እየጻፈ፣ እኔን ሥራ የማይችል ሊያስመስል ነው» አልኩ። ፖስታውን አላወጣሁም፤ ለፌዴሬሽን የሚሆን ማስረጃ በየቢሮው አይበተንም።

ኦቦ ዋቅቶላ የአምቦ ሰው ናቸው፣ ነገር አያበዙም። «ኩምሳ፣ ላላ ብለህ ጽፈሃል?» አሉት።

«አዎ፣ ጽፌአለሁ» አለ።

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩትም ኦቦ። እስኪያዩት ድረስ ብዬ።»

አመነ! ምንም ሳይርበተበት አመነ! «ቡሎኑንስ አላልተሃል?» ሲሉት ግን «እኔ? ለምን ብዬ?» አለና እኔን አየኝ፤ ፊቱ የገረጣ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ በአክብሮት ነው የጻፍኩት» አለኝ። ምን ዓይነት አክብሮት ነው ይሄ?

ኦቦ ዋቅቶላ ሁለት መካኒክ ተኳርፎ የልጅቷን ዕድል ከሚያበላሽ አንዱ ይቅር አሉ። ኩምሳ ራሱ «እኔ ልሂድ» አለ።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ሄደ። እስከ መናኸሪያ ሶረቲ ናት የሸኘችው። ቀጭ የምትለዋን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል። መሳቢያ ውስጥ ጨመርኳት።

ጥር 13፣ ሰኞ

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ፕላስተር የለም። ሰላም ነው። ምነው ታዲያ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ያንን ቡሎን ሆነ?

ጥር 15፣ ረቡዕ

ሶረቲ ከልምምድ ስትመለስ «ጋሼ፣ መሪው ቅጭ ቅጭ ይላል» አለችኝ። ጨመርኩበት። ዝም አለ።

እየሄደች ሳለ ተመልሳ «ኩምሳ በስልክ ቢያነጋግርዎትስ?» አለች። ምን ሊለኝ ብዬ ተቆጣኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምቆጣት ስለምወዳት መሆኑን ታውቃለች መቼም።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ አጠበቅኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመኝታ በፊት ሄጄ አጠበቅኩ። ከእንግዲህ ማንም ላላ አይልም።

ጥር 26፣ እሑድ

ወደቀች።

አንደኛ ነበረች። በመጨረሻው ዙር አንደኛ ነበረች።

ቁልቁለቱ መሐል ላይ መሪው እጇ ላይ ቀረ። ሐኪም ቤት ነኝ።

(ማታ) የአንገቷ ሥር አጥንት ተሰብሯል፣ የግራ እጇም። ሕይወቷ ይመስገነው ደህና ነው። ሥልጠናው ቀርቷል፤ የጊንጪና የሆለታ ልጆች ተጠሩ።

ብስክሌቱን አየሁት። ከአራቱ ቡሎኖች የሁለቱ ራስ ተበጥሶ ወድቋል፣ ሁለቱ ከሥር ተነቅለዋል። ኩምሳ ከሄደ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ቢሆንም ሳይሄድ በፊት አዳክሟቸው ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ሐኪም ቤቱ በር ላይ «ያ የባኮው ሰው» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ምንም አላልኩም። ባኮ ላይ የገቡት አዳዲሶቹ ቡሎኖች ናቸው ግን። ከዚያ ወዲህ የነካኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። በቱቦ።

አሁን ደክሞኛል።

ጥር 28፣ ማክሰኞ



ሶረቲን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቷ ወይዘሮ አስካለች ካልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ድንቅቱ የምትባል ነርስ የሶረቲን ራጅ ይዛ ገባች፤ ከወለጋ በኩል የመጣች ልጅ ናት፣ ጨዋ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ ስብራቱን በጣቷ እያሳየች፣ ለወይዘሮ አስካለች በአክብሮት «ላላ… ላላ፣ አዴ» አለቻቸው።

ደሜ ፈላ። «ምኑ ነው የላላው? እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል?» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ደነገጠች።

ወይዘሮ አስካለች ቀና ብለው አዩኝ። «ኦቦ ጉግሳ፣ እዩ ነው እኮ ያለችኝ። እኛ ‹ኢላላ› የምንለውን ወለጋና ባኮ ‹ላላ› ነው የሚሉት። ለልጅ ‹ላሊ› ይላሉ፣ ለትልቅ ሰው ‹ላላ›» አሉኝ። «አምቦ ሙሉ ዕድሜዎትን ኖረው ይሄን አያውቁም?»

እዩ።

አሥራ ሰባት ጊዜ እዩ ብሎኛል። «እይ» አይደለም ያለኝ፣ «እዩ» ነው፤ እንደ አባት። ይዩት ጋሼ፣ ይዩት ጋሼ፣ ይዩት ጋሼ። የሚታየውም የእኔው እጅ ሥራ ነበር። እሱ እዩ ባለኝ ቁጥር እኔ አጠብቃለሁ።

ጥር 30፣ ሐሙስ

ጠዋት ለኦቦ ዋቅቶላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፖስታውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። አንዱን ፕላስተር አንሥተው አነበቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያን ዕለት አሳይተኸኝ ቢሆን» አሉ። ለኩምሳ እሳቸው ባሉበት ደወልኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። «ሶረቲ ተሻላት ወይ ጋሼ?» ነው መልሱ። እመጣለሁ አለ፤ ለእሷ ብሎ ነው የሚመጣው እንጂ ለእኔማ ምን ብሎ።

ከሰዓት እሷ ዘንድ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። «የኩምሳ ጥፋት አይደለም። እኔ ነኝ። በጣም አጥብቄው ነው የተበጠሰው» አልኳት። እንድትጮህብኝ ነበር የፈለግኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ?»

«ከደንዲ በፊት ጀምሮ። ኩምሳ ነግሮኛል። ሦስት ጊዜ እርስዎ ሳይኖሩ ሊያላላልኝ ቁልፉን ይዞ መጥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። በግልጽ ልንገራቸው ሲለኝም ተው አልኩት። ብቻ እያስታወስክ ጻፍላቸው፣ ራሳቸው አይተው ያስተካክሉታል አልኩት።»

«ለምን? ለምን ልጄ? አንገትሽ ቢሰበርስ?»

የተጠቀለለ እጇን በደህናው እጇ ደግፋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነዋ።»

እኔ ቢከፋኝ ኖሮ ምን ነበረበት?